የፖስትግሬስ ፓች ሪቪው አደራረግ፦ ፒኤል/ፒጂኤስኪውኤልን የሚነካ ለውጥ እጃችሁ ሲገባ

ፖስትግሬስን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ዳታቤዝ፣ የሚጠቀም ሞልቷል። ለፖስትግሬስ የተላከን ፓች፣ ማለትም ኮዱን ለመቀየር የቀረበ ለውጥ፣ ቁጭ ብሎ የሚያይ (ሪቪው የሚያደርግ) ሰው ግን ሁሌም አይበቃም። አንድ ፓች የላከ ሰው በክብደቱ የሚቀራረብ የሌላ ሰው ፓች እንዲያይ የሚጠበቀውም ለዚህ ነው። «እኔ ፖስትግሬስ የተጻፈበትን የሲ ቋንቋ ያን ያህል አልችልም፣ ምን አገባኝ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ችግር የለም። ፈንክሽንና ትሪገር ሲጽፍ የኖረ፣ ሌሊት ላይ ፕሮዳክሽን ወድቆበት የተነሳ ሰው፣ ሲ ብቻ የሚችለው ሰው የማያየውን ያያል።

ለጀማሪ የምመክረው ፖስትግሬስ ውስጥ ፈንክሽንና ትሪገር የሚጻፍበትን ፒኤል/ፒጂኤስኪውኤልን ነው። ያን ቪክ የጻፈው ቋንቋ ነው፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ከፖስትግሬስ ቨርዥን 6.4 ጋር ወጣ፣ ከ9.0 ጀምሮ ደግሞ ዳታቤዝ ስትፈጥሩ አብሮ ይመጣል። ኮዱ አንድ ፎልደር ውስጥ በጥቂት ፋይሎች ተሰብስቧል። ኦፕቲማይዘሩ እንዴት እንደሚያስብ፣ ዳታው ዲስክ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ሳታውቁ ገብታችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል፣ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ፓቹን አዲሱን ነገር በጭራሽ በማይጠቀሙት ሰዎች ዓይን አንብቡት። አዲሱ ነገር ባይሠራ ደራሲው ራሱ ያየዋል። ከ10 ዓመት በፊት የተጻፈ፣ የጻፈው ሰውም ሥራ የለቀቀ፣ ማንም የማይነካው ፈንክሽን ሲሰበር ግን ቀድሞ የሚያይ የለም። እሱን ማየት የእናንተ ሥራ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው አሰርት የሚባለውን ትእዛዝ ነው። በ9.5 የገባ ነው፣ 9.5 የወጣው በጥር 2016 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን ኮዱ ውስጥ ስላለ ማንም ከፍቶ ሊለማመድበት ይችላል። ፓቹ ዛሬ የመጣላችሁ አድርጋችሁ አስቡት።

ፓቹን ሳትከፍቱ

መጀመሪያ ደራሲው የጻፈውን ማብራሪያ አንብቡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ነገር የግድ ቋንቋው ውስጥ መግባት አለበት?

አሰርትን እዩት። አንድ ሁኔታ እውነት ካልሆነ ኤረር ያስነሳል። ይህንን እኮ በኢፍ እና በሬይዝ ኤክሴፕሽን ድሮም መጻፍ ይቻል ነበር! ታዲያ ምን ተጨመረ? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ቼክ አሰርትስ በሚባል ሴቲንግ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማጥፋት ይቻላል፤ ስለዚህ ቴስት ላይ አብርታችሁ ፕሮዳክሽን ላይ ታጠፏቸዋላችሁ። ሁለተኛ፣ የሚነሳው ኤረር የራሱ ኮድ አለው፣ ፒ0004፣ እና «ዌን አዘርስ» የሚለው ሁሉን የሚይዝ መረብ አይይዘውም። ይህ በኢፍ አይገኝም። ደራሲው እንዲህ ዓይነት መልስ ካለው ቀጥሉ። ከሌለው እዚሁ ቁሙና ጠይቁት፣ የኮማ ስሕተት ፍለጋ በኋላ ይደርሳል።

«ኦራክል ላይ አለ» የሚል መከራከሪያ ብዙ ትሰማላችሁ። ቋንቋው የኦራክልን ፒኤል/ኤስኪውኤል አይቶ የተሠራ ስለሆነ መከራከሪያው ክብደት አለው። ለብቻው ግን አይበቃኝም።

መለጠፍና ቢልድ ማድረግ

የቅርቡን ማስተር (ዋናውን የኮድ መስመር) አውርዱ፣ አዲስ ብራንች ክፈቱ፣ ፓቹን በጊት አፕላይ ለጥፉት። አልለጠፍም ካለ ግጭቱ ትንሽ ከሆነ ራሳችሁ አስተካክላችሁ ቀጥሉ። ትልቅ ከሆነ ለደራሲው አሳውቁና ቆዩ። ያረጀ ኮድ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያዋጣም።

ቢልዱ፣ ከኮዱ የምትሠሩት ሰርቨር፣ ሁለት ይሁን፣ በተለያየ ፎልደር፣ በተለያየ ፖርት። አንዱ አሰርሽንና ዲባግ የበራበት ነው (አሰርሽን ስል የሲ ኮዱን ነው እንጂ የአሰርትን ትእዛዝ አይደለም)። ይኼኛው ኮዱ ውስጥ የተበተኑትን የውስጥ ፍተሻዎች ስለሚያሠራ ተራው ቢልድ ዝም ብሎ የሚያልፈውን ጥፋት እዚያው ሰርቨሩን ጥሎ ያሳያችኋል። ሌላው አሰርሽን የሌለበት፣ ኦፕቲማይዝ የተደረገ ቢልድ ነው፤ ፍጥነት የምትለኩት በዚህ ብቻ ነው። የመጀመሪያው በባሕርይው ቀርፋፋ ስለሆነ በእሱ ለክታችሁ «ፓቹ ፖስትግሬስን አዘገየ» ብትሉ ትሳቀቃላችሁ።

ኮምፓይለሩ የሚያወጣውን ዋርኒንግ አንብቡ። አዲስ አንድ ዋርኒንግ ካለ ጻፉት። ከሁሉ በላይ ቋንቋው የሚነበብበትን የሰዋስው ፋይል ተመልከቱ፣ ፒኤል-ግራም የሚባለውን። ባይሰን የሚባለው መሣሪያ ነው ወደ ሲ የሚቀይረው። እዚያ ውስጥ የሚፈቀደው የሰዋስው ግጭት (አንድ ጽሑፍ በሁለት መንገድ ሊነበብ የሚችልበት) ብዛት ዜሮ ነው ተብሎ ተጽፏል። ፓቹ ያንን ቁጥር ከፍ አድርጎ ቢልዱን ያሳለፈ ከሆነ፣ ይቅርታ፣ ፓቹ ገና አልበሰለም። ሌላውን ለማየት አትቸኩሉ።

ቴስቱ

ሙሉውን ሜክ ቼክ፣ ማለትም የሰርቨሩን ቴስቶች፣ አስኪዱ። ቀጥሎ ፒኤል/ፒጂኤስኪውኤል ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ የእሱን ብቻ። ከ11 ጀምሮ ቋንቋው እዚያው የራሱ ቴስቶች አሉት፤ ትልቁና አሮጌው የቴስት ፋይል ግን አሁንም ከዋናው የሰርቨር ቴስቶች ጋር ነው ያለው። የወደቀ ነገር ካለ ልዩነቱን የሚያሳየውን ፋይል ክፈቱና እያንዳንዱን መስመር እዩ።

አንዲት ብልሃት ልንገራችሁ። የፓቹን ቴስቶች ብቻ ውሰዱና ያልተነካው ኮድ ላይ አስኪዷቸው። መውደቅ አለባቸው። ካለፉ ቴስቱ አዲሱን ነገር እየፈተሸ አይደለም ማለት ነው። አሮጌ ባግ አስተካክላለሁ በሚሉ ፓቾች ላይ ይህ ያጋጥማል።

ሌላው፣ ደራሲው ነባር የቴስት ውጤት ቀይሮ እንደሆነ በደንብ ፈልጉ። አዲስ ቴስት መጨመር ጤናማ ነው። የነበረ ውጤት ሲቀየር ግን አንድ ሰው ቤት የሆነ ነገር ተቀይሯል፣ ለምን እንደሆነ መልስ ይፈልጋል።

በእጅ መነካካት

እኔ ኮዱን ከማንበቤ በፊት እሞክረዋለሁ። ካነበባችሁ በኋላ ጭንቅላታችሁ ደራሲው ባሰበበት መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ፒኤስኪውኤልን፣ ለሰርቨሩ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መሣሪያ፣ ክፈቱ፣ በዱ ብሎክ (ፈንክሽን ሳይፈጠር ወዲያው የሚሠራ ኮድ) አጫጭር ነገር እየጻፋችሁ ጠላቱ ሁኑ።

በነል፣ ማለትም ዋጋ በሌለው፣ ጀምሩ። የአሰርቱ ሁኔታ ነል ቢሆን ምን ይሆናል? ትክክለኛው መልስ እንደ ሐሰት ቆጥሮ መውደቅ ነው። ኮዱም «ነል ከሆነ ወይም እውነት ካልሆነ» ብሎ ነው የሚፈትሸው። መልእክቱስ ነል ቢሆን? የራሱን መደበኛ መልእክት ያወጣል። መልእክቱ ውስጥ የመቶኛ ምልክት ብትጨምሩስ? ይቺ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ከባድ ናት፤ የተጠቃሚው ጽሑፍ በቀጥታ እንደ ፎርማት ከተሰጠ ሰርቨሩ ያልሆነ ሚሞሪ ሊያነብ ይችላል። አሰርት ላይ መልእክቱ የሚገባው በሌላ ፎርማት ውስጥ እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ሰላም ነው።

ሴቲንጉን አጥፉና ሁኔታው ውስጥ ከሲክዌንስ (በተጠራ ቁጥር ቀጣዩን ቁጥር ከሚሰጠው) ቁጥር የሚወስድ ፈንክሽን ጥሩ። ቁጥሩ ጨመረ? መጨመር የለበትም፣ ሲጠፋ ሁኔታው ጭራሽ አይሰላም። ይህ ትክክለኛ ባሕርይ ነው፣ ግን ዶክመንቱ ላይ ሊነገር ይገባል። አለዚያ አንድ ሰው አሰርት ውስጥ እውነተኛ ሥራ አስገብቶ ፕሮዳክሽን ላይ ሥራው ሲጠፋበት ያብዳል።

ከዚያ ያለበትን ቦታ ቀይሩ። በሉፕ ውስጥ፣ በሉፕ ውስጥ ባለ ሉፕ፣ በትሪገር፣ ራሱን በሚጠራ ፈንክሽን፣ ኮሚት በሚያደርግ ፕሮሲጀር (ፕሮሲጀር ከ11 ጀምሮ አለ)፣ ኤክሴፕሽን ባለው ብሎክ። የመጨረሻውን አትዝለሉት። ኤክሴፕሽን ያለው ብሎክ ሁሉ ውስጥ ውስጡን ሰብትራንዛክሽን (በትልቁ ውስጥ ያለ ትንሽ ትራንዛክሽን) ይከፍታል፣ ኤረር ሲመጣም ብሎኩ እስከዚያ ድረስ ዳታቤዙ ላይ የሠራውን ወደኋላ ይመልሳል። አዲስ ትእዛዝ ክፍት ነገር ይዞ እዚያ መሐል ኤረር ቢመጣበት ማን ይዘጋለታል? ብሎኩን ሉፕ ውስጥ አስገብታችሁ እየያዛችሁ ደጋግሙት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፦ አዲስ ኪወርድ፣ ማለትም የቋንቋው የራሱ ቃል። ፓቹ አዲስ ቃል ከጨመረ ያ ቃል ድሮ የሰው ቫሪያብል ስም ሆኖ አገልግሏል ብላችሁ ተነሱ። «አሰርት» የሚባል ኢንቲጀር ዲክሌር አድርጉ። በ:= ዋጋ ስጡት። በ= ብቻም ስጡት፣ ሁለቱም ይፈቀዳሉና። አሬይ አድርጉትና ለአንዱ ቦታ ዋጋ ስጡ። ሪከርድ አድርጉትና ከነጥብ በኋላ ያለውን ፊልዱን ቀይሩ። የቴብል ስም፣ የኮለም ስም፣ የሉፕ ሌብል አድርጉት። ፒኤል-ስካነር የሚባለው ፋይል ውስጥ ለዚህ የተጻፈ ብልጠት አለ፤ የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ያለ ያልተያዘ ኪወርድ (በስምነትም ሊያገለግል የሚችል) እንደ ትእዛዝ ይቆጠራል፣ ቀጥሎ የሚመጣው የዋጋ መስጫ ምልክት ወይም የአሬይ ቅንፍ ከሆነ ግን እንደ ቫሪያብል ይታያል። አዲሱ ትእዛዝ ራሱ ከቃሉ ቀጥሎ በእነዚህ ምልክቶች የሚጀምር ነገር ከተቀበለ ይጋጫል። ደራሲው ይህን አስቦበት እንደሆነ የሚታወቀው እዚህ ነው።

አማርኛ ስለምንጽፍ ሌላው ዓለም ብዙም የማይሞክረው ቴስትም በእጃችን አለ። ፖስትግሬስ በዩቲኤፍ-8 ዳታቤዝ ላይ የአማርኛ ስም ይቀበላል፤ ቫሪያብሉን «ደመወዝ» ማለት ትችላላችሁ። የስም ርዝመት ልኩ 63 ባይት ነው፣ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ 21 ፊደል ላይ ልኩ ይሞላል። የ22 ፊደል ስም ስጡትና በሥርዓት ተቆርጦ ማሳሰቢያ መምጣቱን እዩ። ቀጥሎ አንድ መስመር ላይ ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ በጥቅስ ምልክት አስገብታችሁ ከጽሑፉ በኋላ ሆን ብላችሁ የሰዋስው ስሕተት ሥሩ። ኤረሩ ከሥር ቀስት ያሳያል። አዲሱ ኮድ በፊደል ሳይሆን በባይት የሚቆጥር ከሆነ ቀስቷ በእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሁለት ቦታ ትሸሻለች፣ 10 ፊደል ካለ 20 ቦታ። እንግሊዝኛ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ይህ ባግ አይታይም።

ኮዱን ማንበብ

ፋይሎቹ የራሳቸው ቅደም ተከተል አላቸው። ከሄደር ፋይሉ ጀምሩ፣ አዲሱ ትእዛዝ ምን ምን እንደሚይዝ እዚያ ነው የሚታየው። ከዚያ ወደ ፒኤል-ግራም፣ እንዴት እንደሚነበብ። ከዚያ ወደ ፒኤል-ኤግዜክ፣ እንዴት እንደሚሠራ። መጨረሻ ወደ ፒኤል-ፈንክስ።

ፒኤል-ፈንክስን ሰው ይረሳዋል። የትእዛዙን ስም ለኤረር መልእክት የሚሰጠው፣ ፈንክሽኑን በጽሑፍ ዘርዝሮ የሚያሳየውም እዚያ ነው። ለመፈተሽ ፈንክሽኑ አናት ላይ «#ኦፕሽን ዳምፕ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉና አስኪዱት፤ ሙሉው ዛፍ ተዘርግቶ ይወጣል። አዲሱ ትእዛዝ እዚያ ውስጥ ከነ ኤክስፕሬሽኖቹ ከሌለ የሆነ ቦታ ተረስቷል።

ኪወርድ ካለ ሁለት ዝርዝሮች አሉ፣ የተያዙና ያልተያዙ። የተያዙት እንደ ቢጊን፣ ኢፍ፣ ሉፕ ያሉ ጥቂቶች ናቸው፣ ማንም በቫሪያብል ስምነት ሊጠቀምባቸው አይችልም። አዲስ ቃል እዚያ ሲገባ ካያችሁ ጮክ ብላችሁ ተቃወሙ። አሰርት የገባው ካልተያዙት ጋር ነው። ግን ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ ፒኤል-ግራም ውስጥ ያልተያዙ ቃላትን የሚዘረዝረው ሕግ ላይም መታከል አለበት። ያ ከተረሳ ቃሉ ማንም ሳያውቅ በከፊል የተያዘ ይሆናል።

ሚሞሪ ላይ ቆም በሉ። ኤክስፕሬሽን ሲሰላ ለጊዜው የሚያዝ ሚሞሪ አለ፣ ትእዛዙ ሲጨርስ የሚያጸዳ ፈንክሽን መጠራት አለበት። አሰርት ሁኔታውን አስልቶ ወዲያው ያጸዳል። ያ አንድ መስመር ቢረሳና ትእዛዙ 10 ሚሊዮን ጊዜ በሚዞር ሉፕ ውስጥ ቢሆን ሰርቨሩ እየበላ እየበላ ይሄዳል። ሌላም አለ፦ ደራሲው «ፒፍሪ አድርጌዋለሁ»፣ ማለትም ሚሞሪውን ለቅቄዋለሁ፣ ቢል አትመኑት። መሐል ላይ ኤረር ከመጣ ኮዱ ዘሎ ስለሚወጣ ፒፍሪው አይደረስበትም። ትእዛዙ እስኪያልቅ መቆየት ያለበት ነገር ለትእዛዙ በተዘጋጀው ሚሞሪ ውስጥ ነው መቀመጥ ያለበት። ለመፈተሽ ቅድም ያልኩት ኤክሴፕሽን የሚይዝ ሉፕ ይበቃል፤ አስኪዱትና በሌላ መስኮት የፕሮሰሱን ሚሞሪ እዩ። ከ14 ጀምሮ ደግሞ የአንድን ፕሮሰስ የሚሞሪ ዝርዝር ሎግ ላይ የሚያወጣ ፈንክሽን አለ።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ እያንዳንዱን ትእዛዝ እንደ ዓይነቱ ወደሚሠራው ኮድ የሚመራ ትልቅ የሲ ስዊች ፒኤል-ኤግዜክ ውስጥ አለ። ፓቹ እዚያ ወይም ቀላል ኤክስፕሬሽን በሚሰላበት አቋራጭ መንገድ ላይ አንድ ነገር ከጨመረ ለሁሉም ፈንክሽን ዋጋ ይከፈላል። አንድ ቁጥር ብቻ የሚጨምር ረጅም ሉፕ ጻፉ፣ ፓቹ ባለውና በሌለው ቢልድ እያፈራረቃችሁ ደጋግማችሁ ለኩ። በጣም ትንሽ ልዩነት ከማሽኑም ሊመጣ ስለሚችል ለእሷ ብላችሁ አትጣሉ።

ከማሻሻያ በኋላ የሚፈነዳው

ይህንን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን አልዘለውም። የፈንክሽን ኮድ ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው እንደ ጽሑፍ ነው። አዲስ ቨርዥን ላይ ሲመጣ ያ ጽሑፍ እንደገና ይነበባል። መቼ? ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚያወጣው ፒጂዳምፕ ያወጣው ሲመለስ አይደለም፤ ዳምፑ የፈንክሽን ገላ ፍተሻን አጥፍቶ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ፓቹ የሰበረው አሮጌ ፈንክሽን ያለ ምንም ድምፅ ይገባል፣ ማሻሻያው «ተሳካ» ይላል፣ ሰዉ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ፈንክሽኑም የወሩ መጨረሻ ደርሶ ደመወዝ ሲሰላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ ኤረር ያወጣል።

ስለዚህ ፓቹ በሌለበት ቢልድ ላይ ዳታቤዝ ፍጠሩ፣ አዲሱን ቃል በስምነት የሚጠቀሙ ፈንክሽኖች ሙሉበት፣ ዳምፕ አድርጉ፣ ፓቹ ባለበት ላይ መልሱት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጥሩት። የራሳችሁ መሥሪያ ቤት የፈንክሽን ክምችት ካለና ማውጣት ከተፈቀደላችሁ፣ ያለ ዳታው፣ ከእሱ የተሻለ ቴስት አታገኙም።

ከውጪ የተሠሩ መሣሪያዎችንም አስቡ። ፒኤል-ፒጂኤስኪውኤል-ቼክ እና ዲባገሩ የቋንቋውን የውስጥ ስትራክቸሮች በቀጥታ ነው የሚያነቡት። ለአዲስ ዋና ቨርዥን ከሆነ ስትራክቸር መቀየር ይቻላል፣ እነሱም ይከተላሉ። ፓቹ ወደ ወጡ ቨርዥኖችም የሚመለስ የባግ ማስተካከያ ከሆነ ግን መሐል ላይ ፊልድ ማስገባት ክልክል ነው በሉት።

ዶክመንትና መልእክት

ቶሎ የሚያልቅ ነው። ዶክመንት የሌለው አዲስ ነገር አልተጠናቀቀም። ኤረር ላይ ዋናው መልእክት በትንሽ ፊደል ይጀምራል፣ ነጥብ የለውም፤ ዝርዝሩና ፍንጩ ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ። የራሱ የኤረር ኮድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ። የታብና የቅንፍ ነገር ፒጂኢንደንት የሚባለው ያስተካክለዋል፣ በእሱ ደራሲውን አታድክሙት።

ሪቪውን መጻፍ

«አየሁት፣ ጥሩ ነው» ብላችሁ አትላኩ፣ ለማንም አይጠቅምም። የትኛው ኮሚት (የኮዱ የትኛው ደረጃ) ላይ እንደለጠፋችሁት፣ በምን ማሽንና ኮምፓይለር፣ ምን ምን እንደሞከራችሁ፣ ምን እንዳላያችሁ ጻፉ። የመጨረሻው አያሳፍርም። «የሚሞሪውን ክፍል አላየሁም» ብትሉ ሌላ ሰው ከዚያ ይቀጥላል። ባግ ስታገኙ ተቀድቶ ወዲያው የሚሠራ አጭር ስክሪፕት አያይዙ። ይሰብረዋል ብላችሁ የምታምኑትንና የእኔ ምርጫ ነው የምትሉትን ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ደራሲው ሁለቱን በአንድ ዓይን ካየ ለቫሪያብል ስም ሲከራከር ይውላል።

ከዚያ የፓቹን ሁኔታ (ስታተስ) ትቀይራላችሁ። ፓቾቹ በዓመት 5 ጊዜ፣ በሐምሌ፣ በመስከረም፣ በኅዳር፣ በጥርና በመጋቢት ገደማ በሚካሄደው ኮሚትፌስት ነው የሚታዩት። ደራሲው የሚያስተካክለው ካለ «ደራሲውን በመጠበቅ ላይ» ይሆናል። ጥያቄያችሁ ሁሉ ከተመለሰ «ለኮሚተር ዝግጁ»። ኮሚተሩ፣ ፓቹን ወደ ዋናው ኮድ የማስገባት መብት ያለው ሰው፣ እንደገና ያነበዋል፣ ብዙ ጊዜም ይቀይረዋል፤ ሲያስገባው ስማችሁ ሪቪው ካደረጉት ጋር ኮሚቱ ላይ ይጻፋል።

አዲስ ዙር ሲመጣ ከቀድሞው ጋር ያለውን ልዩነት በጊት ሬንጅ-ዲፍ አውጡና እዩ። ቴስቱን ግን ከባዶ ቢልድ ነው የምታስኪዱት። ፒኤል-ግራም ወይም የኪወርድ ዝርዝሮቹ ከተነኩ ደግሞ የቫሪያብል ስሞቹን ሙከራ ከመጀመሪያው ድገሙት፣ ባለፈው ዙር አልፎ የነበረውንም ጭምር።